ትንሽ ቱርቦ ሞተር በፒካፕ ላይ፦ ቁጠባው የት ይገኛል፣ የትስ ይጠፋል?

ጥያቄ፦ "ባለ 2.7 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ቱርቦ ፒካፕ አለኝ፤ የሚነዳው በኋላ ጎማ ብቻ ነው። ወረቀቱ በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ገደማ ይላል። እኔ ግን ከተማ ውስጥ 13.5፣ አውራ ጎዳና ላይ ከ120 እስከ 125 እየነዳሁ 13፣ 3 ቶን የሚመዝን ከፍ ያለ ባለ ሳጥን ተሳቢ ስጎትት ደግሞ ከ20 ሊትር በላይ ይበላብኛል። ባለ 5.3 ሊትር ቪ-8 ያለው ወዳጄ ተሳቢ ሲጎትት የሚያወጣው ነዳጅ ከእኔ ብዙም አይለይም። ጎማዬን ከ80 ሴንቲ ሜትር ቁመት ወደ 84 ቀይሬያለሁ፤ ሌላ የነካሁት ነገር የለም። ሞተሩ ታሟል ወይስ ስለ ትንሽ ቱርቦ የሚወራው ውሸት ነው?"

መልስ፦ በጻፏቸው ቁጥሮች ውስጥ ሞተሩ ታሟል የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። ሦስቱም ከስሌት ጋር ይገጥማሉ፤ የአውራ ጎዳናው ቁጥር እንዲያውም ከሚመስለው የተሻለ ነው። ስለ ትንሽ ቱርቦ የሚወራውም ውሸት አይደለም፤ የሚነገረው ግን ግማሹ ብቻ ነው። ይህ ዓይነት ሞተር ነዳጅ የሚቆጥበው ቱርቦው፣ ማለትም በጭሱ ግፊት እየዞረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው መሣሪያ፣ ሥራ ፈትቶ በሚቆይበት ሰዓት ነው። ቱርቦው አየር መግፋት ሲጀምር ኮምፒውተሩ ለዚያ አየር የሚመጥን ነዳጅ መስጠት አለበት። ጭነቱ ከጨመረ ደግሞ ከሚመጥነውም በላይ ይሰጣል፤ የቁጠባው ታሪክ እዚያ ላይ ይገለበጣል።

መጀመሪያ ጎማውን እንይ፤ መለኪያው ራሱ ከተሳሳተ የቀረው ክርክር ዋጋ የለውም። ከ80 ወደ 84 ሴንቲ ሜትር ሲሄዱ ጎማው በአንድ ዙር የሚሸፍነው መንገድ በ5 በመቶ ይረዝማል። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ዙር ስለሆነ አዲሱ መጠን ካልተሞላለት ቆጣሪው 100 ሲል እርስዎ 105 ኪሎ ሜትር ሄደዋል። ስለዚህ 13 ያሉት በእውነተኛው ርቀት 12.4 ሊትር፣ 13.5 ያሉት ደግሞ 12.9 ሊትር ነው። የፍጥነት መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ 120 እያነበቡ ወደ 126 እየሄዱ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ በስልክዎ ጂፒኤስ ቢያንስ 50 ኪሎ ሜትር ይለኩና ከቆጣሪው ጋር ያስተያዩ። ብዙ ፒካፖች ላይ የጎማ መጠን በምርመራ መሣሪያ ይስተካከላል፤ ካምቢዮውም ማርሽ የሚቀይርበትን ጊዜ የሚወስነው በዚሁ ቁጥር ስለሆነ ማስተካከሉ ለነዳጅ ሂሳብ ብቻ አይደለም።

ይህን ስል ጎማው ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ትልቅ ጎማ ይከብዳል፣ መኪናውን 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ከሥር ብዙ ነፋስ ያስገባል፣ የማርሹን ምጣኔም በ5 በመቶ ያረዝመዋል። ቱርቦ የሌለው ትልቅ ሞተር ማርሹ መርዘሙን ብዙም ላያስተውለው ይችላል። የእርስዎ ሞተር ግን በዝቅተኛ ዙር ላይ ሆኖ የጎደለውን የሚያሟላው በቱርቦ ግፊት ነው።

አሁን ወደ አውራ ጎዳናው። ባዶ ፒካፕ ከነነጂው 2,200 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ ነፋስ የሚመታው የፊት ስፋቱ 3.3 ካሬ ሜትር፣ የነፋስ መቋቋም ቁጥሩ 0.40 ነው እንበል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ነፋሱ 610 ኒውተን፣ የጎማው መንከባለል ደግሞ 240 ኒውተን ገደማ ወደኋላ ይጎትቱታል። ይህን ለማሸነፍ ጎማው ላይ 24 ኪሎዋት ያስፈልጋል። በ120 ነፋሱ ብቻውን 880 ኒውተን ይደርስና የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ 37 ኪሎዋት ይዘልላል። ፍጥነቱን በአንድ አምስተኛ ጨምረው ከሞተሩ የሚጠይቁት ጉልበት ከግማሽ በላይ ጨመረ ማለት ነው። በካምቢዮና በዲፈረንሻል 10 በመቶ ይጠፋል ብለን፣ ሞተሩም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ265 እስከ 280 ግራም ቤንዚን ያቃጥላል ብለን ስናሰላ፣ በ100 ወደ 10 ሊትር፣ በ120 ወደ 12፣ በ126 ወደ 13 ሊትር ይወጣል። የእርስዎ 12.4 እዚሁ መሐል ነው የወደቀው። በዚህ ፍጥነት ነዳጁን የሚበላው ሞተሩ ሳይሆን የመኪናው ቅርጽ ነው፤ ኮፈኑ ሥር ምን ዓይነት ሞተር እንዳለ ነፋሱ አይጠይቅም።

ታዲያ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከየት መጣ? በአሜሪካው የመለኪያ ሥርዓት የአውራ ጎዳና ፈተና አማካይ ፍጥነቱ 78 ኪሎ ሜትር፣ ከፍተኛው 97 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ከ2008 ሞዴል ጀምሮ እስከ 129 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ፈጣን ፈተና፣ የማቀዝቀዣና የብርድ ፈተናም ታክለው ቁጥሩ ወደ እውነቱ ቀርቧል፤ ሆኖም ሰዓቱን ሙሉ በ120 የሚጓዝ ሰው በዚያ ሂሳብ ውስጥ የለም። አውሮፓ ከ2017 ጀምሮ የምትጠቀምበት ደብሊው ኤል ቲ ፒ የተባለው የፍጆታ ፈተና እስከ 131 ኪሎ ሜትር ቢወጣም አማካዩ 46.5 ብቻ ነው። ፈተናዎቹ ቀላል ጭነት ይበዛባቸዋል፤ ቀላል ጭነት ደግሞ የትንሽ ቱርቦ ሜዳ ነው። ለአብነት የ2019 ሼቭሮሌት ሲልቨራዶ ባለ 2.7 ሊትር ቱርቦና በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው፣ ወደ ሊትር ሲመነዘር ከተማ 11.8፣ አውራ ጎዳና 10.2፣ ድምር 11.2 ተብሎ ተመዝግቧል። ከዚያው መኪና ቪ-8 ጋር ሲያስተያዩት ልዩነቱ የሚሰፋው ከተማ ላይ ነው፤ አውራ ጎዳና ላይ ቁጥሮቹ ይቀራረባሉ። (የአሜሪካን ማይል በጋሎን ወደ ሊትር በ100 ኪሎ ሜትር ለመመንዘር 235ን ለቁጥሩ ማካፈል ይበቃል።)

የዚህ ምክንያት የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን የሚቆጣጠረው አየር በማነቅ መሆኑ ነው። የ5.3 ሊትር ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚያስፈልገውን 26 ኪሎዋት (ጎማው ላይ የሚደርሰው 24 እና የካምቢዮው ብክነት) ብቻ ሲጠየቅ፣ አየር የሚገባበት ቢራቢሮ ቫልቭ ከሞላ ጎደል ይዘጋል፤ ፒስተኖቹ በእያንዳንዱ የመሳብ ምት ባዶነትን ይጎትታሉ፣ በዚህ የሚባክነው ጉልበት በነዳጅ ይከፈላል። ስምንት ፒስተን፣ ብዙ ቀለበት፣ ብዙ ኩሽኔታ ሲኖር ሰበቃውም ይበዛል። ለዚያው 26 ኪሎዋት የ2.7 ሊትሩ ሞተር ቢራቢሮውን ሰፋ አድርጎ ይከፍታል፣ የሚያንቀሳቅሰው ብረትም ያነሰ ነው። ቁጠባው ከዚህ ብቻ ነው የሚመጣው። ቱርቦ ራሱ ነዳጅ ቆጣቢ አይደለም፤ ሥራው ትንሽ ሞተር መግጠም እንዲቻልና ነጂው ጉልበት ሲፈልግ እንዳያፍር ማድረግ ነው። ፎርድ በ2011 ሞዴል ኤፍ-150 ላይ 3.5 ሊትር ኢኮቡስትን (የፎርድ ቱርቦ ሞተር መጠሪያ ነው)፣ በ2015 ደግሞ 2.7 ሊትሩን ሲያስገባ፣ ቶዮታም በ2022 ቱንድራ ላይ 5.7 ሊትር ቪ-8ን በባለ ሁለት ቱርቦ 3.4 ሊትር ቪ-6 ሲተካ የተከተሉት ይህንኑ ስሌት ነው።

የስሌቱ ወጪ የሚመጣው ጭነት ሲበዛ ነው። የታመቀ አየር ሞቃት ነው። ወደ ሲሊንደር ገብቶ እንደገና ሲታመቅ ከብልጭታው የተነሳው እሳት ገና ያልደረሰበት የአየርና የነዳጅ ቅልቅል በራሱ ሊነድ ይችላል፤ ሞተር ማንኳኳት የምንለው ይህን ነው። ለመከላከል መሐንዲሱ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ የመጭመቂያ ምጣኔውን (ፒስተኑ ቅልቅሉን ስንት እጥፍ እንደሚያምቀው) ዝቅ ያደርጋል፦ የጠቀስኩት 2.7 ሊትር 10 ለ 1 ነው፣ የዚያው መኪና 5.3 ሊትር ቪ-8 ግን 11 ለ 1። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ ማንኳኳት ሲሰማ የብልጭታውን ጊዜ ያዘገያል። ብልጭታው ሲዘገይ ነዳጁ ፒስተኑን በመግፋት ፈንታ እየነደደ ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል፣ የጭሱ ሙቀት ይንራል። የቱርቦው ተርባይን የሚችለው እንደ ብረቱ ከ950 እስከ 1,050 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። እዚያ ሲጠጋ ኮምፒውተሩ ቅልቅሉን ያወፍረዋል፤ ትርፉ ነዳጅ የሚረጨው ሊነድ ሳይሆን ተንኖ ሊያበርድ ነው። በመደበኛው ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር ይሰጣል፣ ይህም ላምዳ 1 ይባላል። ላምዳው 0.85 ሲሆን ለዚያው አየር 18 በመቶ ያህል ተጨማሪ ነዳጅ ይሄዳል፤ ከዚያ የሚገኘው ጉልበት እዚህ ግባ አይባልም። የጭስ ማኒፎልዳቸው ከቴስታታው ጋር አብሮ የተቀለጠና ውኃ የሚዞርበት አዳዲስ ሞተሮች ይህን ማወፈር በእጅጉ ቀንሰውታል፤ ዳገት ላይ ተሳቢ ሲታከል ግን ሙሉ በሙሉ አላመለጡትም።

ወዳጅዎ ከእርስዎ እኩል የሚያወጣው ለዚህ ነው። ተሳቢ ሲያስር የቪ-8ቱ ቢራቢሮ ቫልቭ ይከፈታል፣ ከተማ ውስጥ ያባክን የነበረው የመሳብ ጉልበት ይቀንሳል፣ ከፍ ያለው የመጭመቂያ ምጣኔውም ይጠቅመዋል። የእርስዎ ሞተር በተቃራኒው ጥቅሙን ጥሎ ጉዳቱን ይዞ ይሄዳል። የእርስዎን ተሳቢ በቁጥር ስናየው፣ ጠቅላላ ክብደት 5,200 ኪሎ ግራም ሲሆንና የሳጥኑ ፊት የነፋሱን ጫና ከእጥፍ በላይ ሲያደርሰው፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሜዳ ላይ ብቻ ከሞተሩ 57 ኪሎዋት ይፈለጋል፤ ይህም በ100 ኪሎ ሜትር 19 ወይም 20 ሊትር ነው። 4 በመቶ የሆነ ዳገት ሲመጣ የመሬት ስበት ብቻውን ሌላ 2,000 ኒውተን ይጨምራል፣ ፍላጎቱ ከ120 ኪሎዋት ያልፋል፣ ቅልቅሉም ይወፍራል፤ በዚያ ዳገት ላይ እያሉ የቅጽበት መለኪያው 50 ቢያሳይ አይደንግጡ። ከ20 በላይ ያሉት ትክክለኛ ቁጥር ነው። ሳጥኑ ከጣሪያዎ በላይ ስንት እንደሚወጣ ይለኩ፤ ተሳቢ ላይ ከክብደት ይልቅ ቁመት ነው ነዳጅ የሚበላው፣ ዳገት እስካልበዛ ድረስ። 100 የነበረውን ወደ 90 ማውረድ ሳጥኑ ላይ የሚመታውን የነፋስ ኃይል በ19 በመቶ ይቀንሳል፤ በዚህ ጭነት ከማንኛውም ዕቃ የበለጠ የሚያተርፈው ይህ ነው።

ተሳቢ ሲጎትቱ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ማርሽ ነው። ዝቅተኛ ዙር ሁልጊዜ ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው ለባዶ መኪና ይሠራል። ጭነት ሲኖር ዝቅተኛ ዙር ማለት ለዚያው ጉልበት ከፍ ያለ የቱርቦ ግፊት፣ ከፍ ያለ ማንኳኳት፣ የዘገየ ብልጭታ፣ የወፈረ ቅልቅል ነው። በ1,700 ዙር ሙሉ ግፊት ላይ ሆኖ ከሚያቃስት በ2,600 ዙር በመጠነኛ ግፊት የሚሠራ ሞተር ያነሰ ሊበላ ይችላል። የመጎተቻ ሞድ ካለው ተሳቢ ሲያስሩ ያብሩት፤ ካምቢዮው የላይኛውን ማርሽ ቶሎ እንዳይዝ ያደርገዋል። ተራራማ መንገድ ላይ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ያጥፉት፤ እሱ 100 ካሉት ዳገቱንም በ100 ለመውጣት ያለውን ሁሉ ይረግጣል፣ እርስዎ ግን 10 ኪሎ ሜትር ለቀው ቅልቅሉ ሳይወፍር ማለፍ ይችላሉ።

በዝቅተኛ ዙር ሙሉ በሙሉ መርገጥ ከነዳጅም የከፋ ጣጣ አለው። ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ቱርቦ ሞተሮች ከ1,500 እስከ 2,000 ዙር ላይ ከባድ ጭነት ሲያገኙ፣ ከቀለበቶቹ ዙሪያ የሚነሳ የዘይትና የነዳጅ ጠብታ ብልጭታው ሳይደርስ ቅልቅሉን ሊያቀጣጥለው ይችላል። ይህ ከተራ ማንኳኳት የተለየ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ የፒስተንን የቀለበት ቦይ ሊሰብር ይችላል። የዘይቱ ቅመም፣ በተለይ የካልሲየም ማጽጃ መብዛት፣ ድርሻ ስላለው ከ2020 ጀምሮ ኤፒአይ (የአሜሪካ ነዳጅ ተቋም) ያወጣው ኤስፒ የተባለው የዘይት ደረጃ ለዚህ የሚሆን ፈተና አካትቷል። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ የሚፈልጉት ውፍረቱን ብቻ ሳይሆን "ኤስፒ" የሚለውንም ነው። ውፍረቱ መጽሐፉ ያዘዘው ይሁን፤ "ለቱርቦ ወፍራም ይሻላል" ብሎ 15-40 መሙላት ሰበቃን ጨምሮ ነዳጅ ያስበላል፣ የቫልቭ ጊዜ ማስተካከያውንም ያዘገያል።

ዘይት ከተነሳ፣ አጭር አጭር ጉዞ የሚያበዙ ከሆነ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ያሽትቱት። በቀዝቃዛ ሞተር የሚረጨው ነዳጅ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ደረጃው ከነበረበት ከፍ ካለና ቤንዚን ከሸተተ ጊዜው ሳይደርስ ይቀይሩት። ለሚጎትትና ለአጭር ጉዞ መኪና 8,000 ኪሎ ሜትር በቂ ነው ባይ ነኝ፤ ኮምፒውተሩ ከዚያ በላይ ቢፈቅድም።

የከተማው 12.9 ሊትር ለብቻው ሂሳብ አለው። 2,200 ኪሎ ግራም ከቆመበት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለማድረስ 212 ኪሎጁል ይፈጃል፤ የመንገዱን ብክነት ጨምረን ሞተሩም ከነዳጁ ሩቡን ብቻ ወደ ሥራ ይለውጣል ስንል ይህ 30 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ነው፣ በሚቀጥለው መብራት ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋ። በየኪሎ ሜትሩ ሁለት ጊዜ ከቆሙ ለመነሳት ብቻ በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር ሄደ። በሚኒሞ ቆሞ የሚያቃጥለውን፣ በሰዓት 1 ሊትር አካባቢ፣ ይጨምሩበት። እዚህ የሚረዳው ለስለስ ብሎ መነሳት ሳይሆን አርቆ አይቶ ቀድሞ እግርን ማንሳት ነው። በመጠኑ ፈጠን ብሎ መነሳት አይጎዳም፤ እግርዎን ሲያነሱና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲንከባለል መርጫው ሙሉ በሙሉ ስለሚዘጋ እያንዳንዱ ያልተረገጠ ፍሬን ትርፍ ነው።

ብልሽት የለም ብዬ ላሰናብትዎ አልፈልግም፤ ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፍጆታን የዳሽቦርዱን ኮምፒውተር አምነው አይለኩ፤ ብዙ ጊዜ ለራሱ ያደላል። በአንድ ማደያ፣ በአንድ ቀጂ፣ ማቆሚያው መጀመሪያ ቀጭ እስኪል ይሙሉ፤ በጂፒኤስ የተስተካከለውን ርቀት ይያዙ፤ ሦስት ታንክ ደምረው ያካፍሉ። የአንድ ታንክ ውጤት በ5 በመቶ ወዲህ ወዲያ ቢል ምንም ማለት አይደለም።

ከዚያ ርካሽ የኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናውን ኮምፒውተር ቁጥሮች የሚያሳይ መሣሪያ) ሰክተው ሞተሩ እንደሞቀ እነዚህን ይመልከቱ። የውኃው ሙቀት አውራ ጎዳና ላይ ከ80 በታች ከወረደ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል፤ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። ይህ በጣም የተለመደና በጣም የሚዘነጋ ነዳጅ ሌባ ነው፣ መብራት ሳያበራ ወራት ሊቆይ ይችላል። የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያው (ፊውል ትሪም፣ ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ነዳጅ ላይ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው መቶኛ) ከ5 በመቶ ባይበልጥ መልካም፤ 10 ካለፈ ምክንያቱ ይፈለግ። ከኢንተርኩለሩ (ከቱርቦው የወጣውን ሞቃት አየር ከሚያበርደው ራዲያተር) በኋላ ያለው የአየር ሙቀት በቋሚ ጉዞ ከውጭው አየር ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ቢበልጥ ደግ ነው፤ ከዚያ እጅግ ከራቀ የኢንተርኩለሩ ፊት በጭቃና በነፍሳት ተደፍኗል ወይም ፊቱ ላይ የተገጠመ ጌጥ አየር ከልክሎታል።

የቱርቦ አየር ማፍሰስ ጸባዩ እንደ መለኪያው ዓይነት ይለያያል፤ ብዙ መካኒክም እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሞተሩ በአየር ፍሰት መለኪያ (ማፍ) የሚሠራ ከሆነ፣ በቱርቦውና በቢራቢሮው መካከል ያለ ቀዳዳ ግፊት ሲመጣ የተለካ አየር ያስወጣል፤ ነዳጁ ግን ለወጣውም አየር ስለተረጨ ቅልቅሉ ይወፍራል፣ ጥቁር ጭስ ሊታይ ይችላል። በማኒፎልድ ግፊት መለኪያ (ማፕ) ብቻ የሚሠራ ከሆነ ቅልቅሉ አይዛባም፤ ቱርቦው ያንን ግፊት ለማግኘት ይበልጥ ይሽከረከራል፣ አየሩ ይሞቃል፣ ብልጭታው ይዘገያል፣ እርስዎ የሚያዩት ፍጆታ መጨመሩን ብቻ ነው፣ የስህተት ኮድም ላይኖር ይችላል። ፍለጋው በጭስ መሣሪያ ቢሆን ይመረጣል። በአየር ግፊት ከሆነ ቀስ እያሉ፣ ከመኪናው መደበኛ የቱርቦ ግፊት ሳያልፉ፣ መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውኃ እየረጩ ይሁን። ከሁሉ በፊት የጎማ ቱቦዎቹ ከኢንተርኩለሩ ጋር የሚታሰሩበትን ቦታ በጣትዎ ይዳስሱ፤ አዲስና እርጥብ የዘይት አሻራ ካለ አየሩ የሚወጣው በዚያ ነው።

ካንዴላ በቱርቦ ሞተር ላይ ቶሎ ያረጃል። ክፍተቱ ብዙውን ጊዜ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲበላ ይሰፋል፣ በግፊት ውስጥ ብልጭታው ሰፊውን ክፍተት መዝለል ያቅተዋል፣ ያልነደደ ነዳጅ ይወጣል። ምልክቱ በሙሉ ጭነት ብቻ የሚሰማ መንተፍተፍ ነው። መጽሐፉ 160,000 ኪሎ ሜትር ቢል እንኳ ለሚጎትት መኪና በግማሹ ይቀይሩ፤ የኢሪዲየሙን ጫፍ ለማስተካከል ብለው አይነካኩት፣ ይሰበራል።

ቀጥታ ብቻ የሚረጩ ሞተሮች ላይ ቤንዚኑ የመግቢያ ቫልቮቹን ስለማያጥባቸው ከጊዜ በኋላ ካርቦን ይጋገርባቸዋል። ታንክ ውስጥ የሚጨመር ማጽጃ እዚያ አይደርስም፤ የሚያጸዳው ማኒፎልዱን ፈትቶ በዎልነት ቅርፊት ዱቄት መንፋት ነው። ፎርድ በ2017 በ3.5 ሊትሩ፣ በ2018 በ2.7 ሊትሩ ላይ ተጨማሪ የመግቢያ ኢንጀክተር የጨመረው አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው። የሞተርዎ ዕድሜ ገና ከሆነ ግን እዚህ ላይ ገንዘብ አያፍስሱ።

ፍሬን ይይዝ እንደሆነም ይፈትሹ፦ ፍሬን ብዙም ሳይረግጡ 20 ኪሎ ሜትር ነድተው በኢንፍራሬድ ሙቀት መለኪያ አራቱን ዲስኮች ይለኩ። በአንድ አክስል ላይ አንዱ ከጓደኛው 30 ዲግሪ ከበለጠ ካሊፐሩ ተጣብቋል። የጎማ ንፋስ በበሩ ጥግ በተለጠፈው ልክ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፤ በአማካይ 10 ፒኤስአይ ሲጎድል ፍጆታው በ2 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ኦክቴንን በተመለከተ መጀመሪያ ቁጥሩ በየትኛው መለኪያ እንደተጻፈ ይወቁ፤ የአሜሪካ 87 በሌላው ዓለም መለኪያ 91 አካባቢ፣ የአሜሪካ 91 ደግሞ 95 ወይም 96 ነው። ባዶ መኪና ለሚነዳ ሰው መጽሐፉ ዝቅተኛውን ከፈቀደ ከፍተኛው ገንዘቡን አይመልስም፤ ቀላል ጭነት ላይ ሞተሩ ስለማያንኳኳ የሚያተርፈው ነገር የለም። በሙቀት፣ በዳገት፣ ተሳቢ አስሮ ግን ብልጭታው ሳይዘገይ እንዲሠራ ስለሚያደርግ ጉልበትም ፍጆታም ይሻሻላሉ። የሚከፍሉት የዋጋ ልዩነት በመቶኛ ፍጆታዎ ከቀነሰው መቶኛ ካነሰ ይግዙት፣ ከበለጠ ይተዉት። 10 በመቶ ኤታኖል ያለው ቤንዚን ከንጹሑ 3 በመቶ ያህል ያነሰ ኃይል እንዳለውም ሂሳብ ውስጥ ያስገቡ።

የኋላ ስፖንዳውን አውርዶ መንዳት ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው ተረት ነው። ስፖንዳው ሲዘጋ ካሶኒው ውስጥ የሚሽከረከር አየር ይታሰርና ከላይ የሚያልፈው ነፋስ በእሱ ላይ ይንሸራተታል፤ ሲወርድ ያ ትራስ ይፈርሳል። ጠፍጣፋ የካሶኒ ክዳን ትንሽ ይረዳል፣ ግን ለነዳጅ ብቻ ተብሎ አይገዛም። የጣሪያ ላይ መደርደሪያን ማውለቅ ምንም አያስወጣም።

መኪናውን ልቀይር የሚል ሐሳብ ካለዎት፣ መልሱ በዓመት ከሚነዱት ስንቱን ተሳቢ አስረው እንደሚነዱ ላይ ነው። ከአምስት ኪሎ ሜትር አንዱን ብቻ ከሆነ አሁን ያለው ሞተር ትክክለኛው ነው፤ የቀረውን አራቱን ያተርፍልዎታል። ከግማሽ በላይ ከሆነ ወደ ቪ-8 መሄድ ፍጆታዎን አይቀንሰውም፤ መሄድ ያለብዎት ወደ ናፍጣ ቱርቦ ነው። ናፍጣ ጉልበቱን የሚቆጣጠረው በነዳጅ መጠን እንጂ አየር በማነቅ አይደለም፣ ቅልቅሉም ተርባይን ለማብረድ ተብሎ አይወፍርም፤ የአንድ ሊትር ናፍጣ ኃይልም ከቤንዚን በ12 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በምትኩ የጭስ ማጣሪያው አጭር ጉዞ አይወድም።

አሁን የሚያስፈልገኝ አራት ቁጥር ነው፦ በጂፒኤስ የተስተካከለ የሦስት ታንክ ፍጆታ፣ አውራ ጎዳና ላይ የውኃው ሙቀት፣ የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያው በሚኒሞና በጉዞ ላይ፣ እንዲሁም ተሳቢ አስረው ዳገት ሲወጡ ኮምፒውተሩ የሚያዘው ላምዳ። የመጨረሻው ረጅም ጊዜ ከ0.9 በታች የሚቆይ ከሆነ አንድ ማርሽ ዝቅ አድርገው ያንኑ ዳገት ይድገሙትና ሁለቱንም ንባብ አብረው ይላኩልኝ።